በቀዶ ሕክምና ወቅት ማደንዘዣ መድኃኒት በልብ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ

ለቀዶ ሕክምና የሚሰጥ ማደንዘዣ ሁሉ ታካሚውን የሚያስተኛ አይደለም። ጥርስ ሲነቀል፣ ቁስል ሲሰፋ፣ እባጭ ሲወጣ ወይም እናት በቀዶ ሕክምና ስትወልድ ታካሚው ነቅቶ ሳለ ሕክምናው የሚደረግበት የሰውነት ክፍል ብቻ እንዲደነዝዝ ይደረጋል። ለዚህ አገልግሎት በስፋት ከሚውሉት መድኃኒቶች መካከል ሊዶኬይንና ቡፒቫኬይን ይገኙበታል። መድኃኒቶቹ በተገቢው መጠንና በሠለጠነ ባለሙያ ሲሰጡ ከባድ ጉዳት የሚያደርሱት ከስንት አንዴ ነው። ሆኖም በብዛት ወደ ደም ከገቡ ልብን ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ ታካሚዎች የሚከተሉትን ነጥቦች ሊያውቁ ይገባል።

ማደንዘዣው ልብን የሚነካው እንዴት ነው?

ነርቭ የሕመም ስሜትን ወደ አንጎል የሚያደርሰው በኤሌክትሪክ ምልክት ነው። ምልክቱ የሚፈጠረው ሶዲየም በነርቩ ሽፋን ላይ በሚገኙ ጥቃቅን መተላለፊያዎች በኩል ሲገባ ነው። ማደንዘዣው እነዚህን መተላለፊያዎች ስለሚዘጋ ሕመም አይሰማም። የልብ ምትም በተመሳሳይ መተላለፊያዎች ላይ የተመሠረተ ነው። በመሆኑም ብዛት ያለው መድኃኒት በደም አማካይነት ወደ ልብ ከደረሰ የልብ ምትን ሊያዘገይ፣ ሊያዛባ፣ ከዚያም አልፎ ልብን ሊያቆም ይችላል። ቡፒቫኬይን ከልብ መተላለፊያዎች ቶሎ ስለማይለቅ ከሊዶኬይን የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

የሚከተሉት ሁለት ሁኔታዎች ግን ከዚህ የተለዩ ናቸው፦

• አንዳንድ ማደንዘዣ ከአድሬናሊን ጋር ተቀላቅሎ ይሰጣል። አድሬናሊን ለጥቂት ደቂቃዎች ልብ በፍጥነት እንዲመታ ሊያደርግ ይችላል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ያልፋል።
• በጀርባ በኩል በመርፌ የሚሰጥ ማደንዘዣ የደም ሥሮችን የሚቆጣጠሩ ነርቮችንም ስለሚያደነዝዝ የደም ግፊት ሊወርድና የልብ ምት ሊዘገይ ይችላል። ባለሙያዎች ይህን በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽና በመድኃኒት ያስተካክላሉ።

የመጠኑ ጉዳይ

የመድኃኒቱ ከፍተኛ መጠን የሚሰላው በታካሚው ክብደት ነው። ለምሳሌ አድሬናሊን ያልተቀላቀለበት ሊዶኬይን በተለምዶ በአንድ ኪሎ ግራም ክብደት ከ4.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይደረጋል። በዚህ ስሌት 50 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው ጣሪያው 225 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ 20 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሕፃን ግን 90 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ከሕክምናው በፊት መመዘን ችላ ሊባል አይገባም።

ከሕክምናው በፊት ለባለሙያው ሊነገሩ የሚገባቸው ጉዳዮች

• የልብ ሕመም፣ የተዛባ የልብ ምት ወይም የደም ግፊት ካለብዎ፤
• የጉበት ሕመም ካለብዎ፤ እነዚህን መድኃኒቶች በዋናነት የሚያብላላው ጉበት ነውና፤
• ነፍሰ ጡር ከሆኑ፤
• የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ በተለይም የልብ፣ የደም ግፊትና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እንዲሁም የባህል መድኃኒት፤
• ጫት የሚቅሙ ከሆነ፤ ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራልና፤
• ከዚህ ቀደም ማደንዘዣ ተሰጥቶዎት ያጋጠመ ችግር ካለ።

የሚወስዱትን መድኃኒት ሐኪምዎን ሳያማክሩ አያቋርጡ።

በሕክምናው ወቅት ወዲያውኑ ሊገለጹ የሚገባቸው ምልክቶች

የከንፈርና የምላስ መደንዘዝ፣ በአፍ ውስጥ የብረት ጣዕም፣ የጆሮ መጮኽ፣ የዓይን ብዥታ፣ ማዞር፣ የጡንቻ መንቀጥቀጥ፣ ያልተለመደ መረበሽ፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የልብ ምት መለወጥ ከተሰማዎ ሳይዘገዩ ይናገሩ። ጥርስ በሚታከምበት ጊዜ ከንፈርና ምላስ መደንዘዙ የሚጠበቅ ነው፤ መርፌው በሌላ የሰውነት ክፍል ተሰጥቶ አፍዎ ከደነዘዘ ግን መድኃኒቱ ወደ ደም መግባቱን ሊያመለክት ይችላል። ብዙ ጊዜ እነዚህ ምልክቶች ልብ ከመጎዳቱ በፊት ስለሚታዩ፣ ነቅቶ ያለ ታካሚ የሚሰጠው ቃል ለባለሙያው ትልቅ እገዛ ነው። ባለሙያን ላለማስቸገር በሚል ዝም ማለት አይገባም።

ችግር ቢፈጠር ምን ይደረጋል?

ባለሙያው መድኃኒቱን መስጠት ያቆማል፣ ኦክስጅን ይሰጣል፣ የሚጥል ምልክት ካለ ያክማል። ልብ ከቆመ ደረትን በመጫን የልብ ምትን የመመለስ እርዳታ ይጀመራል። በተጨማሪም 20 በመቶ የስብ ይዘት ያለው ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጣል፤ ይህም መድኃኒቱን ከልብና ከአንጎል ለማስወገድ ይረዳል።

ይህ ሁሉ የሚቻለው የሠለጠነ ባለሙያ፣ የልብ ምትና የደም ግፊት መከታተያ መሣሪያ እንዲሁም ኦክስጅን በተሟላበት ተቋም ነው። ስለሆነም ማንኛውም ሰው ፈቃድ በሌለው ቦታ ወይም ሙያው በሌለው ሰው የማደንዘዣ መርፌ ከመወጋት እንዲቆጠብ ይመከራል። ታካሚው የሚሰጠውን የማደንዘዣ ዓይነትና ሊያስከትል የሚችለውን ጉዳት ጠይቆ የመረዳት መብት አለው። ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ ማዞር፣ ራስን መሳት ወይም የልብ ምት መዛባት ካጋጠመ በአቅራቢያ ወደሚገኝ የጤና ተቋም በአስቸኳይ መሄድ ያስፈልጋል።