የዛፉ ክብደት ከየት መጣ?

ዕፅዋት ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር፣ ውሃን ከአፈር ወስደው በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ያዘጋጃሉ፤ ኦክስጅንም ይለቃሉ። ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ለፈተናም ሸምድዶታል። ይሁን እንጂ ይህንኑ ያለ ስህተት የሚወጣ ተማሪ አንድ ዋርካ ያን ሁሉ ክብደት ከየት እንዳመጣው ቢጠየቅ ብዙ ጊዜ «ከአፈር ነዋ!» ብሎ ይመልሳል። መልሱ የሚያሳፍር አይደለም። ከአርስቶትል ዘመን ጀምሮ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ሊቃውንቱም ያመኑት ይህንኑ ነበር፦ ተክል በሥሩ አፈር ይመገባል። የመማሪያ መጽሐፉ በአንድ መስመር የሚያልፈው እውነት የሦስት መቶ ዓመት ፍለጋ ውጤት ነው። ፍለጋውን ትተን መስመሩን ብቻ ማስተማራችን ትልቅ ጥፋት ነው ብዬ አምናለሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አፈሩን በሚዛን የፈተነው የብራስልሱ ሐኪም ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት ነው። በምድጃ ያደረቀውን 200 ፓውንድ አፈር በትልቅ የሸክላ ዕቃ ሞላና 5 ፓውንድ የሚመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለበት። አቧራ እንዳይገባበት አፉን በተበሳሳ ቆርቆሮ ከደነው። የዝናብ ወይም የተጣራ ውሃ ብቻ እያጠጣ 5 ዓመት ጠበቀ። ከዚያ ዛፉን ነቅሎ ሲመዝነው 169 ፓውንድ ከ3 አውንስ ያህል ሆነ፤ በየዓመቱ የረገፈውን ቅጠል ሳይጨምር ነው። አፈሩን እንደገና አድርቆ ሲመዝነው ደግሞ የጎደለው 2 አውንስ ገደማ ብቻ!

ሄልሞንት እንጨቱም፣ ልጡም፣ ሥሩም ከውሃ ብቻ ተገኘ ብሎ ደመደመ። የሚያስቆጨኝ እዚህ ላይ ነው። ይኸው ሰው 62 ፓውንድ ከሰል ሲነድ 1 ፓውንድ አመድ ብቻ እንደሚቀርና የቀረው በጋዝ መልክ እንደሚወጣ ጽፏል፤ «ጋዝ» የሚለውን ስም ለዓለም ያወጣውም እሱ ነው። ከእንጨት የሚወጣውን ጋዝ አወቀ፤ ያው ጋዝ ተመልሶ እንጨት እንደሚሆን ግን አልጠረጠረም። በጽሑፎቹ ምክንያት በቤተ ክርስቲያን መርማሪዎች ተከሶ በቤቱ እስከመታገድ የደረሰ ሰው ነበር። የአኻያው ሙከራ ለኅትመት የበቃው እሱ ካረፈ ከ4 ዓመት በኋላ፣ በ1648፣ በልጁ አማካይነት ነው።

ከዚያ በኋላ ሰማንያ ዓመት ገደማ አለፈ። እንግሊዛዊው ስቲቨን ሄልስ በ1727 ዕፅዋት ከምግባቸው ከፊሉን ከአየር ሳይወስዱ እንደማይቀሩ ጻፈ፤ ማስረጃው ግን ገና ነበር።

በነሐሴ 1771 ጆሴፍ ፕሪስትሊ ሻማ ነድዶ በጠፋበት የታፈነ አየር ውስጥ የናና ቅርንጫፍ አስቀመጠ። ከ10 ቀን በኋላ በዚያው አየር ውስጥ ሌላ ሻማ ቢያስገባ ደህና አድርጎ ነደደ። አይጥም በዚያ አየር መተንፈስ ቻለች። ተክል የተበላሸ አየርን ያድሳል ማለት ነው። ሆኖም ሙከራው አንዳንድ ጊዜ ይሳካል፣ አንዳንድ ጊዜ አይሳካም፤ ፕሪስትሊም ምክንያቱን አላገኘም።

ምክንያቱን ያገኘው ሆላንዳዊው ሐኪም ያን ኢንገንሁስ ነው፤ ለእኔ የዚህ ታሪክ ዋና ሰው እሱ ነው። በ1768 ወደ ቪየና ተጠርቶ የእቴጌ ማሪያ ቴሬዛን ቤተሰብ ለፈንጣጣ ከትቦ የቤተ መንግሥት ሐኪም ለመሆን በቃ። በ1779 ክረምት ግን ለንደን አጠገብ በሚገኝ የገጠር ቤት ተቀምጦ 500 ያህል ሙከራዎች አደረገ። ቅጠሎችን ውሃ ውስጥ እየነከረ ፀሐይ ላይ ሲያስቀምጣቸው አረፋ ይወጣቸዋል፤ ጨለማ ውስጥ ግን አረፋው ይቆማል። ሙቀት ይሆን? ሙቀት ያለ ብርሃን ያንን አላደረገም። አየሩን የሚያድሱት አረንጓዴዎቹ ክፍሎች ብቻ መሆናቸውንም አየ፤ ሥርና አበባ፣ ፍሬም ሳይቀር ቀንም ሌሊትም አየር ያበላሻሉ። ቅጠሎቹም በጨለማ ያበላሻሉ። የፕሪስትሊ ናና አንዴ የሠራችው፣ አንዴ ያልሠራችው ብርሃን ስላገኘችና ስላጣች ነበር። ብርሃን ክፍሉ ውስጥ ሞልቶ ሳለ ማንም ከሙከራው ዕቃዎች መካከል አልቆጠረውም ነበር።

የጄኔቫው ዣን ሰኔቢየ በ1782 ተክሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚያስፈልገው አሳየ። የከተማው ልጅ ኒኮላ-ቴዎዶር ደ ሶሱር በ1804 ሚዛኑን ጨረሰው፦ ተክሉ የጨመረው ክብደት ካስገባው ካርቦን ይበልጣል፤ ትርፉ ውሃ ነው። ሄልሞንት በከፊል ትክክል ነበር ማለት ነው። በ1845 ዩሊየስ ሮበርት ማየር ዕፅዋት የብርሃንን ኃይል ወደ ኬሚካዊ ኃይል እንደሚለውጡ ጻፈ።

አንድ ጥያቄ ግን እስከ 1941 ቆየ። የሚለቀቀው ኦክስጅን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው ወይስ ከውሃ? ሳም ሩበንና ማርቲን ኬመን በካሊፎርኒያ፣ በርክሊ፣ ከበድ ያለ የኦክስጅን ዓይነት ያለበትን ውሃ ተጠቅመው ከውሃ መሆኑን አረጋገጡ። ጨረር አመንጪውን ካርቦን 14ን በ1940 ያገኙትም እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ሩበን በ1943 በጦርነት ጊዜ ምርምር ላይ ሳለ በመርዛማ ጋዝ አደጋ ሞተ፤ ኬመን በቀጣዩ ዓመት በሐሰት ጥርጣሬ ከሥራው ተባረረ። ካርቦን 14ን ይዞ የካርቦንን ጉዞ በአልጌ ውስጥ ደረጃ በደረጃ የተከታተለው የሜልቪን ካልቪን ቡድን ነው፤ የ1961ን የኖቤል ሽልማት ግን ካልቪን ብቻውን ወሰደ። አብሮት የደከመው አንድሩ ቤንሰን አለመካተቱ ፍትሕ አይመስለኝም።

ታሪኩ ከእኛም ማሳ ይደርሳል። በ1960ዎቹ አውስትራሊያ ውስጥ ማርሻል ሀችና ሮጀር ስላክ ሸንኮራ አገዳ ካርቦንን የሚይዘው ካልቪን ባሳየው መንገድ ብቻ እንዳልሆነ፣ በፊቱ ሌላ ደረጃ እንዳለው አብራሩ። ይህ ደረጃ በሞቃትና ውሃ በሚያጥርበት ቦታ ተክሉን ይጠቅመዋል። በቆሎና ማሽላ የዚህ ወገን ናቸው፤ ጤፍም እንዲሁ።

መምህራን ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ ቢያንስ አንዱን ለተማሪዎቻችሁ አሳዩ። ጀርመናዊው ዩሊየስ ዛክስ በ1860ዎቹ የሠራበት መንገድ የተራቀቀ ቤተ ሙከራ አይጠይቅም። በዕቃ የተተከለን ተክል ሁለት ቀን ጨለማ ውስጥ አቆዩ፤ ከዚያ የአንዱን ቅጠል እኩሌታ በጥቁር ወረቀት ሸፍናችሁ ተክሉን ለብዙ ሰዓት ፀሐይ ላይ አስቀምጡት። ቅጠሉን ቆርጣችሁ በፈላ ውሃ ንከሩት፤ አረንጓዴነቱ እስኪለቅ በአልኮል አሙቁትና አዮዲን አንጠባጥቡበት። ብርሃን ያገኘው እኩሌታ ምግብ ስለተዘጋጀበት ወደ ሰማያዊ ጥቁር ይለወጣል፤ የተሸፈነው አይለወጥም። አልኮሉን ግን እሳት ላይ አትጣዱት፤ የፈላ ውሃ ባለበት ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት።