የፕሮቲን ቅርፅ በገጽ ላይ እንዴት እንደ ታወቀ

እንቍላል ተመትቶ አረፋ ሲሆን በነጩ ውስጥ ካሉት ፕሮቲኖች አንዳንዶቹ አየርና ውሃ በሚገናኙበት ገጽ ላይ ተዘርግተው የተፈጥሮ ቅርፃቸውን ይለቃሉ። ደምም ሰው ሠራሽ ቧንቧ ሲነካ ፋይብሪኖጅን የሚባለው ፕሮቲን ከግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ በዚያ የሚይዘውም ቅርፅ ደሙ እንዲረጋ ወይም እንዳይረጋ በማድረግ በኩል ድርሻ አለው። ይህ በዓይን የማይታይ ቅርፅ እንዴት ሊታወቅ ቻለ? ታሪኩን ስንመረምር ሁለት መንገዶች መቶ ዓመት ለሚያህል ጊዜ ሳይገናኙ ሲጓዙ እናገኛለን። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

አንደኛው የብርሃን መንገድ ነው። ዊልያም ኸርሸል በ1800 ከቀይ ብርሃን ወዲያ የማይታይ ጨረር መኖሩን በቴርሞሜትር ደረሰበት፤ ይኸውም ኢንፍራሬድ የተባለው ነው። ሞለኪውሎች እንደ ክራር አውታር ስለሚነዝሩ እያንዳንዱ ከዚህ ጨረር የራሱን ድርሻ ይውጣል። በ1950 ኤሊየትና አምብሮዝ በእንግሊዝ አገር የተጠቀለለው የፕሮቲን ሰንሰለት በአንድ ሴንቲ ሜትር 1650 ሞገድ ገደማ፣ የተዘረጋው ደግሞ 1630 ገደማ እንደሚውጥ አሳዩ። የፓውሊንግና የባልደረቦቹ ዝነኛ ጠመዝማዛ ቅርፅ የታተመው በ1951 ነው፤ ስለዚህ የሁለቱ እንግሊዛውያን ስም እምብዛም አለመነሣቱ ተገቢ አይመስለንም።

ሁለተኛው የውሃ ገጽ መንገድ ነው። ዩኒቨርሲቲ ያልገባችው ጀርመናዊት አግነስ ፖክልስ በቤቷ በቆርቆሮ ገንዳ ያደረገችው ምርመራ በሎርድ ሬይሊ ረዳትነት በ1891 ታተመ። ላንግሙይር በ1917 ይህንኑ ዘዴ አሻሽሎ ሠራበት። ነገር ግን ገንዳው የስሱን ሽፋን ስፋትና ግፊት እንጂ ቅርፁን አይናገርም።

ሁለቱ እንዳይገናኙ ያገደው ውሃ ራሱ ነበር፤ ውሃ 1640 ገደማ፣ ማለት ፕሮቲኑ በሚውጥበት በዚያው ስፍራ፣ ጨረሩን ይውጣልና። በከባድ ውሃ መጠቀም ችግሩን አቀለለ። በ1960ና በ1961 ሃሪክና ፋረንፎርት ለየብቻቸው ያወጡት ዘዴ ጨረሩን በክሪስታል ውስጥ እያንጸባረቀ ከገጹ አጠገብ ያለውን ብቻ ይመረምራል፤ ሆኖም ጨረሩ ከስሱ የፕሮቲን ሽፋን አልፎ ውሃውንም ይነካል።

መፍትሔው የመጣው ከሌዘር ነው። ፍራንከንና ባልደረቦቹ በ1961 ቀይ የሌዘር ብርሃን በኳርትዝ ውስጥ አሳልፈው ድግግሞሹ እጥፍ የሆነ ብርሃን አገኙ፤ ማስረጃ የሆነችውን ትንሽ ነጥብ ግን አታሚዎቹ እድፍ መስላቸው ከሥዕሉ ላይ እንዳጠፏት ይነገራል። በ1987 የበርክሊው ሼንና ባልደረቦቹ የሚታይ ብርሃንና ኢንፍራሬድን በአንድ ገጽ ላይ አጋጥመው የሁለቱ ድምር የሆነ ብርሃን በመቀበል የሞለኪውሎችን ንዝረት አነበቡ። በውሃው ሆድ ውስጥ ሞለኪውሎቹ ወደ ልዩ ልዩ አቅጣጫ ስለሚዞሩ ምልክታቸው ይጣፋል፤ በገጹ ላይ ግን አሰላለፋቸው ወደ አንድ ወገን ስለሚያደላ ምልክቱ ይወጣል። በኋላም ዘዴው ለፕሮቲኖች ዋለ።

በገጹ ላይ ያለ ሥርዓት የተበተነ ፕሮቲን ግን ለዚህም ዘዴ ዝም ይላል፤ የምልክቱ መጥፋት ፕሮቲኑ የለም ማለት አይደለም። ስለዚህ ተመራማሪዎች የሃሪክንና የፋረንፎርትን ዘዴ አልተዉትም፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱን ጎን ለጎን ይጠቀሙባቸዋል።