የወለደና ያሳደገ

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪም ሆነ በጌዶ በአክስት ወይም በአያት ቤት ያደገ ጓደኛ አታጡም። አንዱ እናቱ ሞታበት፣ ሌላው አባቱ ለሥራ ርቆ፣ ሌላው ለትምህርት ከገጠር ተልኮ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ውል የለም፤ ሁሉም በዝምድና ነው። ከዓመታት በኋላ ወላጅ «ልጄን መልሱልኝ» ሲል ግን ክርክር ይነሣል።

ባህላችን ስለዚህ ጉዳይ ጥንትም ያስብበት ነበር። ሕጋችን የሚጠቀምበት «ጉዲፈቻ» የሚለው ቃል የአፋን ኦሮሞ ነው፤ የራስ አድርጎ ማሳደግ ማለት ነው። በኦሮሞ ባህል በጉዲፈቻ የገባ ልጅ እንደ ተወለደ ልጅ ይቆጠራል። ይህ ግን በወላጆች ፈቃድ፣ በሽማግሌና በዘመድ ፊት የሚፈጸም ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ጉዲፈቻ በስምምነት እንዲደረግና በፍርድ ቤት እንዲጸድቅ ደነገገ። እንዲሁ በዘመድ ቤት ያደገ ልጅ ግን ከዚህ ውጭ ቀረ። ከወላጆች አንዱ ሲሞት ሕጉ ልጁን የሚሰጠው በሕይወት ላለው ወላጅ ነበርና፣ ያሳደገ ዘመድ የሚቆምበት መሬት አልነበረውም።

ነገሩ የተለወጠው በ2000 ዓ.ም. ነው። እናቱ የሞተችበትን ልጅ አክስቱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አሳደገችው። ልጁን ሳያሳድግ ዓመታት ያለፉት አባት በኋላ ልጁን ለመውሰድ ከሰሰ። በደቡብ ክልል ያሉት ፍርድ ቤቶች ለአባት ፈረዱ። አክስቲቱ አቤት ብላ ጉዳዩ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ደረሰ። ችሎቱ በመዝገብ ቁጥር 23632 የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36ንና የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ስምምነት ጠቅሶ ውሳኔውን ሻረ። ከወላጅ መብት በፊት ለልጁ የሚበጀው ይታይ አለ፤ ልጁም ከአክስቱ ጋር እንዲቆይ ወሰነ። በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 454 መሠረት የሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ፣ የአምቦ ዳኛም ይህንኑ መከተል ነበረበት።

ውሳኔው ግን «ልጅ ያሳደገው ነው» አላለም። ያው አንቀጽ 36 ልጅ ወላጆቹን የማወቅ መብት እንዳለው ይናገራል። ስለዚህ ያሳደገች አክስት አባትን ከደጅ መመለስ አትችልም፤ አባትም ልጁን እንደ አደራ ዕቃ ቆጥሮ «መልሺልኝ» ማለት አይችልም። ልጅ የማንም ንብረት አይደለም።

መርዶክዮስ ወላጆቿ የሞቱባትን አስቴርን እንደ ልጁ አድርጎ ቢያሳድግም፣ መጽሐፉ የአባቷን ስም ጽፎ አስቀምጦልናል። በየቤታችንም እንዲሁ ይሁን። ልጅ ለዘመድ ሲሰጥ ስምምነቱ በሽማግሌ ፊት ይነገር፣ በጽሑፍም ይስፈር፤ ወላጅ እየመጣ ይጠይቀው። ክርክር ከመጣ ደግሞ ዳኛም ሽማግሌም አስቀድሞ ልጁን ይስማው።