ክፍልፋይ ቁጥሮች፦ በጋሞ ዞን ለሚገኙ ጎልማሳ ተማሪዎችና ወላጆች መሠረታዊ ማብራሪያ

ክፍልፋይ ማለት አንድ ሙሉ ነገር በእኩል ሲከፈል ከክፍሎቹ የተወሰደውን መጠን የሚገልጽ ቁጥር ነው። ከመስመሩ በላይ የሚጻፈው ላዕል፣ ከመስመሩ በታች የሚጻፈው ታሕት ይባላል። ታሕቱ ሙሉው ስንት ቦታ እንደተከፈለ፣ ላዕሉ ደግሞ ከእነዚያ ክፍሎች ስንቱ እንደተወሰደ ያሳያል። በጋሞ ዞን ልጆች የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች በጋሞኛ ስለሚማሩ፣ እነዚህ የአማርኛ ቃላት ለብዙዎቹ አዲስ መሆናቸውን ወላጆች ሊያውቁት ይገባል።

ለተለመዱት ክፍልፋዮች አማርኛ የቆዩ ስሞች አሉት። 1/2 ግማሽ ወይም እኩሌታ፣ 1/3 ሲሶ፣ 1/4 ሩብ ወይም እርቦ፣ 1/10 ደግሞ አሥራት ይባላል። አራት ከሦስት ይበልጣልና እርቦ ከሲሶ የሚበልጥ የሚመስለው ጀማሪ ጥቂት አይደለም። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ አንድ ኩንታል በቆሎ ለአራት ሰዎች ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ 25 ኪሎ፣ ለሦስት ሲከፋፈል ግን ከ33 ኪሎ በላይ ይደርሳል። ላዕሉ እኩል ሲሆን፣ ታሕቱ በጨመረ ቁጥር ድርሻው ያንሳል።

በጽሑፍ ላይ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ሦስተኛ» የሚለው ቃል ተራንም ክፍልፋይንም ይገልጻል። «ሦስተኛው ድርሻ» በተራ ሦስተኛ የሆነው ድርሻ ሲሆን፣ «አንድ ሦስተኛ ድርሻ» ግን ሲሶ ነው። ስለዚህ በውል ላይ መጠኑን በፊደልም በአኃዝም መጻፍ ይመረጣል።

አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችው ከምንጮቿ ነው። ከአርባ ምንጮች አሥሩ 10/40 ናቸው፤ ላዕሉንም ታሕቱንም ለ10 ስናካፍል 1/4 እናገኛለን። መጠኑ አልተለወጠም፤ አጻጻፉ ብቻ አጠረ። ላዕሉ ከታሕቱ ሲበልጥ ደግሞ ሙሉ ቁጥር ይወጣል። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ተደርጎ ሲቆጠር አምስት ጥማድ 5/4፣ ማለትም አንድ ሄክታር ከሩብ ነው።

ክፍልፋዮችን ለመደመር አስቀድሞ ታሕቶቹ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። ግማሽ ኪሎ ቅቤ ላይ ሩብ ኪሎ ሲጨመር፣ ላዕልን ከላዕል፣ ታሕትን ከታሕት የደመረ ሰው 2/6 ያገኛል። ይህ ሲሶ ነው፤ ቅቤው ተጨምሮበት ከግማሽ ሊያንስ አይችልም። ትክክለኛው መንገድ 1/2ን ወደ 2/4 መለወጥ ነው፤ 2/4 እና 1/4 ሲደመሩ 3/4 ይሆናሉ።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚሻው «የምን ሲሶ?» የሚለው ጥያቄ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜ በሌለበት ለልጆች፣ ወንድም ሆኑ ሴት፣ እኩል ድርሻ ይሰጣል፤ አስቀድሞ የሞተ ልጅ ቢኖር ልጆቹ በእርሱ ቦታ ይተካሉ። የባልና ሚስት የጋራ ሀብት የሆነ ቤት ባልየው ሞቶ በ720,000 ብር ተሸጠ እንበል፤ ዕዳ የለም። ከሦስቱ ልጆች አንዱ ከአባቱ በፊት ሞቶ ሁለት ልጆች ትቷል። የሚስቲቱ ግማሽ፣ 360,000 ብር፣ በቅድሚያ ይወጣል፤ እርሱ የራሷ እንጂ ውርስ አይደለም። እንግዲህ የእያንዳንዱ ልጅ ድርሻ የቀሪው ግማሽ ሲሶ ነው። «የግማሽ ሲሶ» ማለት ማባዛት ነው፤ ላዕል በላዕል፣ ታሕት በታሕት ሲባዛ 1/6 ይሆናል፤ ይህም 120,000 ብር ነው። ሲሶውን ከጠቅላላው ዋጋ ያሰበ ልጅ 240,000 ብር ይጠብቃል፤ ጠቡም ከዚህ ይጀምራል። የልጅ ልጆቹ የ1/6ን ግማሽ፣ ማለትም 1/12፣ ያገኛሉ፤ ለእያንዳንዳቸው 60,000 ብር ይደርሳል።

ስሌቱን ማረጋገጥ ቀላል ነው። ድርሻዎቹ ሁሉ በአሥራ ሁለተኛ ሲጻፉ 6/12፣ 2/12፣ 2/12፣ 1/12 እና 1/12 ናቸው፤ ድምራቸውም 12/12 ነው። ከዚህ ካነሰ ያልተደለደለ ገንዘብ አለ፤ ከበለጠ ደግሞ አንዱ ከሌላው ድርሻ ወስዷል። ይህ ምሳሌ ለገንዘብ ነው፤ የገጠር መሬት ይዞታ ራሱን በቻለ ሕግ የሚመራና አነስተኛ የይዞታ መጠን የሚወሰንለት በመሆኑ፣ ስሌቱ ስለተሠራ ብቻ መሬቱ ይሸነሸናል ማለት አይደለም።

ንባብ፣ ጽሕፈትና ስሌት መማር የሚፈልጉ ጎልማሶች ስለ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት በአቅራቢያቸው ካለው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ወይም ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይችላሉ።