አድባር ያጣ ሰፈር

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ስሙን ያገኘው ከሁለት ነገሮች ነው። አንደኛው ያለ ሽቦ መልእክት ያስተላልፍ የነበረው የድሮው የሬዲዮ ጣቢያ ነው፤ ሕዝቡ «የነፋስ ስልክ» አለው። ሁለተኛው ዛፍ ነው። ላፍቶ በኦሮምኛ ግራር ማለት ነውና። እንግዲህ ግማሽ ስሙ ግራር በሆነ አገር ግራር ፈልጎ ማጣትን ምን እንበለው?

በእኛ ሰፈር ከወፍጮ ቤቱ ማዶ አንድ ትልቅ ግራር ነበረ። ግንቦት 1 ቀን፣ የልደታ ለት፣ እናቶች ከሥሩ ቄጤማ ጎዝጉዘው ንፍሮ ያቀርባሉ፤ ቡና ያፈላሉ። ከግንዱ ላይ ቅቤ ስለሚቀባ ቅርፊቱ ጠቁሮ ያብረቀርቅ ነበር። ልጅ ሳለሁ አንዲት ጎረቤታችን የመጀመሪያውን ስኒ ከሥሩ ሲያፈሱ አይቼ፣ «እማማ፣ ለምን ይደፉታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አድባሯም ትቅመስ እንጂ፣ ልጄ!» አሉኝ።

ቃሉ የግዕዝ ነው። «ደብር» ተራራ ነው፤ «አድባር» ደግሞ ተራሮች። ቤተ ክርስቲያኑንም ደብር እንለዋለን። ካህናቱ የአድባር ዛፍን ነገር ሲያወግዙ ቢኖሩም ሁለቱ ስሞች ከአንድ ግንድ መብቀላቸውን ሳስብ ፈገግ እላለሁ። ደብሩስ ቢሆን ያለ ዛፍ መች ይኖራል? በጎንደርና በጎጃም ሰማይ በአውሮፕላን ያለፈ ሰው በታረሰው ሜዳ መካከል እዚህም እዚያም ጥቁር አረንጓዴ ክቦች ያያል። በየክቡ መካከል ቤተ ክርስቲያን አለ።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ስለ ጃፓን ማንበቤ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. በመልእክተኛነት ወደዚያ ሄደው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። የዚያ ዘመን ምሁሮቻችን ጃፓንን የተመኟት ፈጥና በመሠልጠኗ ነበር። እኔን የሚደንቀኝ ግን በፋብሪካው መሐል የቀረው ዛፍ ነው።

ሺንቶ የሚባለው የአገሬው ጥንታዊ እምነት መሥራች የለውም። «ካሚ» የሚሏቸው መናፍስት በተራራ፣ በፏፏቴ፣ በአሮጌ ዛፍ ያድራሉ። ዛሬም 80,000 ገደማ መቅደሶች አሉ፤ ብዙዎቹ በዛፍ የተከበቡ ናቸው። «ቶሪ» በሚባለው መዝጊያ በሌለው በር ሲገቡ አንድ ሽማግሌ ዛፍ ወገቡን በገለባ ገመድ ታጥቆ ካዩ፣ ካሚ አለበት ማለት ነው። ሕፃን በተወለደ በወሩ ገደማ ለሰፈሩ ካሚ ይወሰዳል፤ እኛ ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ክርስትና እንደምናስነሣ። የሩዝ ካሚ የሆነው የኢናሪ መልእክተኛ ቀበሮ ናት። በተረታቸው ቀበሮ ቆንጆ ሴት ሆና ሰው ታገባለች፤ በእኛ አገር ቡዳ ጅብ ይሆናል እንደሚባለው መሆኑ ነው።

ጃፓኖች ዛፋቸውን ዘወትር ጠብቀዋል ብዬ ግን አልዋሽም። መንግሥት መቅደሶቹን ለጦርነት ቅስቀሳ የተጠቀመበት ዘመን ነበረ፤ ሁለቱ የተለያዩት እ.ኤ.አ. በ1945 ነው። ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1906፣ ትናንሾቹ መቅደሶች ተጠቃለው ለየመንደሩ አንድ ብቻ እንዲቀር ታዘዘ። በጥቂት ዓመታት 70,000 ያህሉ ጠፉ፤ የብዙዎቹም ዛፍ ተቆርጦ ተሸጠ። በዚህ ጊዜ ሚናካታ ኩማጉሱ የተባለ የተፈጥሮ ተመራማሪ ተነሣ። ደኑ ሲጠፋ ወፉ ይሰደዳል፣ ወፉ ሲሰደድ ተባይ ሰብሉን ይፈጃል፣ መሰብሰቢያውን ያጣ መንደርም እርስ በርሱ ባዳ ይሆናል ሲል ተከራከረ። ሰውየው ቁጡ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1910 ስብሰባ ውስጥ ጥሶ በመግባቱ 18 ቀን ታስሯል። ትእዛዙ የተተወው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። በዚያው በ1920 ቶኪዮ ውስጥ የሜይጂ መቅደስ ተመረቀ። ዙሪያው ዛሬ ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው፤ ሕዝቡ ከየአውራጃው ባዋጣው 100,000 ገደማ ዛፍ የተተከለ።

የእኛ ግራር ጠበቃ አልነበረውም። መንገዱ ሲሰፋ ግንዱ ላይ ቀይ ቀለም ተቀባ፤ በሳምንቱ በመጋዝ ወደቀ። ደርሼ ብጠይቅ አንዱ ቆራጭ፣ «ወንድሜ፣ መንገድ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔም በታክሲ የምመላለሰው በዚያው መንገድ ነው። ዛፉን ያለማለፍ ይቻል እንደሆነ የጠየቀ ግን አልነበረም፤ እኔም ቀለሙን ሳየው ዝም ብዬ ነበር ያለፍኩት።

በተከታዩ የግንቦት ልደታ አራት እናቶች ረከቦታቸውን ይዘው መጡ፤ ድሮ ብዙ ነበሩ። ቄጤማውን ከእግረኛው መንገድ ላይ ጎዘጎዙ። የመኪናው አቧራ ስላስቸገራቸው ንፍሮውን በነጠላ ሸፈኑት። ያቺ የልጅነቴ ጎረቤት ካረፉ ቆይተዋል፤ ልጃቸው ናት ስኒውን ያነሣችው። ግራሩ የነበረበትን ቦታ በዓይኗ ለክታ፣ መኪና እስኪያልፍ ጠብቃ፣ አስፋልቱ ላይ አፈሰሰችው። ቡናው አልሰረገም፤ ወደ ቦዩ ወረደ።