የበር ሰሌዳና የመናገር ግዴታ፦ በአሜሪካ የንግድ ቤቶች የጦር መሣሪያ ክልከላ ታሪክ

አንድ መሐንዲስ የሥራ ዝርዝር መግለጫ ሲያዘጋጅ የሚጽፈው ቁጥር ሁሉ ውሳኔ ያዘለ ነው። የደረጃ ከፍታና የበር ስፋት ሲወሰን ማን በቀላሉ እንደሚገባ፣ ማን እንደሚቸገር፣ ጉዳት ቢደርስም ኃላፊነቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ አብሮ ይወሰናል። ይህ ነገር ከግንባታ ሥራ ውጭ ጎልቶ ከታየባቸው ጉዳዮች አንዱ በአሜሪካ ሱቆችና ምግብ ቤቶች በር ላይ የሚለጠፈው የጦር መሣሪያ ክልከላ ሰሌዳ ነው። የሰሌዳው ታሪክ ላይ ላዩን ሲመለከቱት የፊደል ቁመትና የቀለም ታሪክ ይመስላል፤ ጠለቅ ብሎ ለመረመረው ግን በንግድ ቤቱ ባለቤትና በታጠቀው ደንበኛ መካከል አስቀድሞ የመናገር ግዴታ የማን ነው በሚለው ጥያቄ ላይ የተካሄደ ረጅም ክርክር ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የከተማው ክልከላ

በሲኒማ የሚታየው የአሜሪካ ምዕራብ ሰው ሁሉ ሽጉጥ ታጥቆ የሚዘዋወርበት አገር ነው። የታሪክ ማስረጃው ግን ሌላ ይናገራል። በካንዛስ ግዛት በዶጅ ሲቲ በ1870ዎቹ መጨረሻ ገደማ በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ መሣሪያ መያዝ በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን የሚገልጽ ሰሌዳ በመንገዱ ላይ ተተክሎ ይታያል። በአሪዞና የቱምስቶን ከተማ በአፕሪል 1881 ባወጣው ደንብ ቁጥር 9 ገዳይ መሣሪያ ይዞ በከተማው ውስጥ መዘዋወርን ከልክሎ ነበር። በኦክቶበር 26 ቀን 1881 ሦስት ሰዎች የሞቱበት ዝነኛው የኦ ኬ ኮራል ተኩስም የተነሣው የከተማው ጸጥታ ኃላፊ ቨርጂል ኧርፕና ተከታዮቹ በዚሁ ደንብ መሠረት ትጥቅ ለማስፈታት በሄዱበት ጊዜ ነው።

የቴክሳስ ግዛትም ቢሆን በ1871 ባወጣው ሕግ ሽጉጥ ታጥቆ መሄድን በጠቅላላው ከልክሏል። ከክልከላው ነጻ ከተደረጉት መካከል መንገደኞች፣ እንዲሁም በራሱ ይዞታና በራሱ የንግድ ቦታ ያለ ሰው ይገኙበት ነበር። በዚህ ሥርዓት ባለሱቁ በሱቁ ውስጥ ሽጉጥ ሊኖረው ይችላል፤ ደንበኛው ግን ታጥቆ ሊመጣ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ባለሱቁ በበሩ ላይ የሚጽፈው ነገር አልነበረም። ክልከላውን የሚናገርለት የግዛቱ ሕግ ነበርና።

ኪሊን፣ 1991

ይህ ሥርዓት ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቆየ። የሕዝቡን አስተያየት በብርቱ ካናወጡት ድርጊቶች ዋነኛው በኦክቶበር 16 ቀን 1991 በኪሊን ከተማ ሉቢስ በተባለው ምግብ ቤት የደረሰው እልቂት ነው። አንድ ሰው መኪናውን በመስታወቱ ጥሶ ከገባ በኋላ በተመጋቢዎቹ ላይ ተኩስ ከፍቶ 23 ሰዎች ገደለ። ከወላጆቿ ጋር ለምሳ ተቀምጣ የነበረችው ሱዛና ሃፕ ከሞት ስትተርፍ እናትና አባቷ በዚያው ቀሩ። ሽጉጥዋን ሕጉን አክብራ በመኪናዋ ውስጥ ትታው መግባቷን በየአደባባዩ መሰከረች፤ ኋላም የግዛቱ ምክር ቤት አባል ሆና ተመረጠች።

በ1993 ጉዳዩ ለሕዝብ ድምፅ እንዲቀርብ የሚያደርገውን ረቂቅ አገረ ገዥዋ አን ሪቻርድስ ሳያጸድቁ መለሱት። በ1994ቱ ምርጫ ያሸነፏቸው ጆርጅ ዳብልዩ ቡሽ ግን ፈቃድ ያለው ሰው ሽጉጥ በልብሱ ሸፍኖ እንዲይዝ የሚያስችለውን ሕግ በ1995 ፈረሙ፤ ሕጉም ከ1996 መጀመሪያ አንሥቶ በሥራ ላይ ዋለ።

በዚህ ጊዜ ነው ጥያቄው ከከተማውና ከግዛቱ ወደ ሱቁ በር የተዛወረው። ግዛቱ ክልከላውን ሲያነሣ ዝምታው የፈቃድ ትርጉም አገኘ። ታጥቆ መግባትን የማይፈልግ ባለቤት ራሱ መናገር ነበረበት። በየመስታወቱም ልዩ ልዩ ማስታወቂያ ይለጠፍ ጀመር፤ ከእነዚህም መካከል በቀይ ክብ ውስጥ የተሠረዘ የሽጉጥ ሥዕል ይገኝበታል። ለመሆኑ ይህ ሥዕል ሕግ ነው ወይስ ምኞት? ፈቃድ ያለው ሰው ሳያየው ቢገባ ወንጀለኛ ይባላልን?

የአንድ ኢንች ፊደል

የቴክሳስ ምክር ቤት መልሱን በ1997 ሰጠ። በወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ ውስጥ የገባው አንቀጽ 30.06 አንድ ባለፈቃድ ታጣቂ ክልከላውን ችላ በማለት ሊከሰስ የሚችለው በቃል ወይም በጽሑፍ በሚገባ ሲነገረው መሆኑን ደነገገ። ክልከላው በሰሌዳ የሚነገር ከሆነ ሰሌዳው በሕጉ የተሰጠውን ቃል ሳያጓድል በእንግሊዝኛና በእስፓኝኛ መያዝ፣ በሚቃረን ቀለም መጻፍ፣ የፊደሉ ቁመት ከ1 ኢንች (2.54 ሳንቲ ሜትር) አለማነስ፣ ለሕዝብም ጎልቶ በሚታይ ቦታ መሰቀል አለበት። የአንቀጹ ቁጥር የአሜሪካ ጦር በ1906 ከተቀበለው የጠመንጃ ጥይት መጠሪያ ጋር መገጣጠሙ ለብዙ ቀልድ ምክንያት ሆኗል።

የዚህን ዝርዝር መግለጫ ውጤት ለማየት ሒሳብ መሥራት ብቻ ይበቃል። ቃሉ ረጅም ነው፤ ፊደሉ ትልቅ ነው፤ ቋንቋው ሁለት ነው። የሦስቱ ድምር የአንዲት ትንሽ ሱቅ የመግቢያ መስታወት ሰፊ ክፍል ይሸፍናል። ደንበኛ ለመሳብ የዋጋ ዝርዝርና የሸቀጥ ሥዕል በሚለጠፍበት ቦታ የወንጀል ሕግ አንቀጽ ይቆማል ማለት ነው። ለሕጉ ደጋፊዎች ይህ ተገቢ ነበር፤ ሰው በወንጀል የሚጠየቅ ከሆነ ማስጠንቀቂያው የማያሻማ መሆን ይገባዋል ይላሉ። ለተቃዋሚዎቹ ግን የፊደሉ ቁመት በባለሱቁ መብት ላይ የተጣለ ቀረጥ ነበር።

ቀረጡ ከጊዜ ወደ ጊዜ ከፍ አለ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2016 ጀምሮ ባለፈቃዶች ሽጉጣቸውን በግልጽ እንዲታጠቁ ሲፈቀድ አንቀጽ 30.07 ተጨመረ፤ ሁለቱንም ዓይነት አያያዝ ለመከልከል የሚሻ ባለቤት ሁለት ሰሌዳ ማቆም ግድ ሆነበት። በዚያው ጊዜ በሰሌዳ የተነገረውን ክልከላ አልፎ ለገባ ሰው ቅጣቱ ከ200 ዶላር የማይበልጥ መቀጮ ሆነ፤ ከባዱ ቅጣት ውጣ ተብሎ በቃል ሲነገረው እምቢ ላለ ብቻ ተጠበቀ። በ2019 ደግሞ በቃል ሲነገረው ወዲያው የወጣ ባለፈቃድ ይህን ለመከላከያነት እንዲያቀርብ ተፈቀደለት። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 ጀምሮ ብዙዎች ያለፈቃድ ሽጉጥ መታጠቅ ሲችሉ፣ ባለፈቃድ ላልሆኑት የሚያገለግል ሦስተኛ የሰሌዳ ቃል በአንቀጽ 30.05 መጣ።

ሰሌዳው እየበዛ ሲሄድ ኃይሉ እየቀነሰ መሄዱን ልብ ይሏል። መጨረሻው ቃል ከሰሌዳው ወደ ሰው አፍ ተዛውሯል። ይህም ማለት ሽጉጥ በወገቡ የታየውን ደንበኛ ቀርቦ «እባክዎ ይውጡ» የማለቱ ኃላፊነት ባብዛኛው በገንዘብ ተቀባይዋ ወይም በአስተናጋጁ ላይ ወድቋል ማለት ነው።

ሌሎች ግዛቶች፣ ሌሎች ልኮች

የሚኒሶታ ግዛት በ2003 ባወጣው ሕግ ዝርዝሩን ከቴክሳስም አስበልጦ ወስኗል። ጽሑፉ ንግድ ቤቱ መሣሪያን መከልከሉን በአጭሩ የሚገልጽ ሆኖ፣ ፊደሉ አሪያል በተባለው ቅርፅ በጥቁር ቀለም ቢያንስ 1.5 ኢንች ቁመት፣ መደቡ ቢያንስ 187 ካሬ ኢንች ስፋት፣ ሰሌዳው ከመግቢያው በ4 ጫማ ርቀት ውስጥ፣ የታችኛው ጠርዙም ከወለሉ ከ4 እስከ 6 ጫማ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። ይህን ሁሉ አሟልቶ ለሰቀለ ባለቤት ሕጉ የሚሰጠው ዋስትና ግን መጠነኛ ነው፤ ውጣ ተብሎ እምቢ ያለ ሰው የመጀመሪያ መቀጮው ከ25 ዶላር አይበልጥም። በመኪና ማቆሚያው ውስጥ ደግሞ ባለቤቱ በሕግ መሠረት የተያዘን መሣሪያ መከልከል አይችልም።

ኢሊኖይ በ2013 የተሸፈነ ሽጉጥ መያዝን ሲፈቅድ በተቃራኒው ቀላሉን መንገድ መረጠ። የግዛቱ ፖሊስ ያዘጋጀው፣ 4 በ6 ኢንች የሆነ፣ ሥዕል ያለበት አንድ ወጥ ሰሌዳ ለሁሉም ንግድ ቤት ይበቃል። ሥዕል ቋንቋ አይጠይቅም፤ ቦታም አይፈጅም። አንዱ ግዛት ሥዕሉን በቂ ነው ሲል ሌላው ሥዕሉን ከምንም የማይቆጥረው፣ የሰው ዓይን ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ አይደለም። የሚለያየው ሕግ አውጪው ክልከላውን ቀላል ወይም ከባድ ለማድረግ ያለው ፍላጎት ነው።

ትልልቆቹ የንግድ ድርጅቶች በበኩላቸው ከሰሌዳው ርቀው መሄድን መርጠዋል። ስታርባክስ በሴፕቴምበር 2013 በይፋ ባወጣው ደብዳቤ ደንበኞቹ መሣሪያ ይዘው እንዳይመጡ ጠየቀ፤ ጥያቄ እንጂ ክልከላ አለመሆኑንም ለይቶ ገለጸ። ዎልማርት በኤል ፓሶ ከተማ መደብሩ በኦገስት 3 ቀን 2019 23 ሰዎች ለሞት ከተዳረጉበት ጥቃት በኋላ፣ በሴፕቴምበር ወር ደንበኞቹ መሣሪያ በግልጽ ታጥቀው እንዳይገቡ ጠየቀ። ሁለቱም በልመናና በትእዛዝ መካከል የቆሙት ሠራተኛቸው ከታጠቀ ሰው ጋር በር ላይ ፊት ለፊት እንዳይጋጠም በማሰብ ጭምር ነው።

የዝምታ ትርጉም ሲገለበጥ

በጁን 23 ቀን 2022 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኒው ዮርክን የቆየ የፈቃድ አሰጣጥ ሥርዓት ሽሮ፣ ከቤት ውጭ መሣሪያ መያዝ በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ መብት መሆኑን ወሰነ። ይህ ውሳኔ ክርክሩን ወደ ሰሌዳው መለሰው። ኒው ዮርክ ወዲያው ባወጣችው ሕግ፣ ሐዋይም በ2023፣ ደንቡን ገለበጡት፦ ባለቤቱ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር ወደ ግል ንግድ ቤት ታጥቆ መግባት ክልክል ነው። በቴክሳስ ዝም ያለ ባለሱቅ እንደፈቀደ ሲቆጠር በሐዋይ ዝም ያለው እንደከለከለ ተቆጠረ።

ፍርድ ቤቶቹም ተለያዩ። የኒው ዮርኩ ድንጋጌ ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ንግድ ቤቶችን በሚመለከተው ክፍሉ በይግባኝ ታገደ። የምዕራቡ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን በሴፕቴምበር 2024 የሐዋይን ድንጋጌ ሲደግፍ ተመሳሳዩን የካሊፎርኒያ ድንጋጌ አልተቀበለም። ልዩነቱ ከሰሌዳው የመጣ ነበር፤ ሐዋይ ባለቤቱ በቃልም ሆነ በጽሑፍ እንዲፈቅድ ስትተው ካሊፎርኒያ ፈቃዱ በተወሰነ ሰሌዳ ብቻ እንዲገለጽ አስገድዳ ነበር። ለሐዋይ ድጋፍ የተጠቀሱት ጥንታውያን ሕጎች የኒው ጀርሲ የ1771ና የሉዊዚያና የ1865 ሕጎች ናቸው። ተቃዋሚዎች የሉዊዚያናው ሕግ ነጻ የወጡትን ጥቁሮች ትጥቅ ለማስፈታት የታለመ እንደነበረ ያስታውሳሉ። በኦክቶበር 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሐዋይን ጉዳይ ለማየት ተቀበለ።

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት

የሰሌዳው ተቃዋሚዎች ለመግደል የቆረጠ ሰው በር ላይ ቆሞ አያነብም ይላሉ፤ ይህን ማስተባበል አስቸጋሪ ነው። ደጋፊዎቹ ደግሞ ሰሌዳው የተሰቀለው በሂሳብ ወይም በመቀመጫ ምክንያት የሚነሣ የዕለት ጠብ ወደ ተኩስ እንዳይለወጥ ነው ይላሉ፤ ይህም ከእውነት የራቀ አይደለም። ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር ሰሌዳው ራሱ ማንንም እንደማያቆም ነው። የሚያቆመው ከጀርባው ያለው ሕግ፣ ከሕጉም ጀርባ የሚናገረው ሰው ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በዳላስ አካባቢና በሚኒሶታ ከተሞች ምግብ ቤትና የሸቀጥ መደብር ከፍተው የሚኖሩ የአገር ልጆች በርካታ ናቸው። ደንበኞቹ ሁሉ አማርኛ አንባቢ በሆኑበት ቤት እንኳ በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ክልከላ በቴክሳስ ሕግ ፊት እንደ ሰሌዳ አይቆጠርም፤ ባለቤቱ በቃል ካልተናገረ በቀር እንዳልተናገረ ነው።

የዝርዝር መግለጫ ጸሐፊ ለሆነ ባለሙያ ይህ ታሪክ የሚያስተላልፈው ቁም ነገር ግልጽ ነው። የ1 ኢንች ፊደል፣ የ187 ካሬ ኢንች መደብ፣ የ4 ጫማ ርቀት ከንባብ ችሎታ ልኬት ብቻ የተገኙ ቁጥሮች አይደሉም። ማን ይናገር፣ ማን ይጠንቀቅ፣ ሁለቱ ሲሳሳቱ ማን ይጎዳ የሚለውን ጥያቄ የሚመልሱ ቁጥሮች ናቸው። እንዲህ ያለ ቁጥር የሚጽፍ ሰው የሚያከፋፍለውን ሸክም አውቆ ይጻፍ፤ በመጨረሻ የሚሸከመው በሩ አጠገብ የቆመው ሠራተኛ ነውና።