ስለ ትዝታና ስለ ማሲንቆ

ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት አራቱ የዘፈናችን ቅኝቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ስሜት በልብ ያሳድራሉ። ባቲና አምባሰል የወሎ አገር ስሞች ናቸው። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጥብኝ ትዝታ ነው፤ አያቴ ጥጥ ስትፈትል በለሆሳስ ታንጎራጉረው ነበርና፥ ዛሬም በሰማሁት ቍጥር የእንዝርቷ ድምፅ አብሮ ይመጣብኛል።

እንዲህ ያለውን ዜማ በይበልጥ ጠብቀው ያቆዩልን፥ አንዲት የፈረስ ጭራ አውታር ያላትን ማሲንቆ ይዘው ከግብር አዳራሽ እስከ ጠጅ ቤት ይዘዋወሩ የነበሩ አዝማሪዎች ናቸው። ሹም ቢያጠፋ በሰምና ወርቅ ወርፈው፥ ጀግና ቢወድቅ በእንጉርጉሮ አልቅሰው፥ የአገሩን ወሬ ለአገሩ ያደርሱ ነበር። ስለዚህም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፥ ይኸው የፋሽስት እንደራሴ አዝማሪዎች ከጠንቋዮች ጋራ እየተያዙ እንዲገደሉ በመጋቢት ወር አዘዘ። ጦር መሣሪያ ያልያዘን ሰው፥ ስለ አንደበቱ ብቻ፥ መድፍና አውሮፕላን ያለው ኃይል ፈራው።

ማሲንቆው ግን ዝም ሳይል ከእኛ ደረሰ። እንግዲህ አድማጮቼ፥ ትዝታ ሲዜም በሰማን ጊዜ የናፍቆት ዜማ ብቻ ሆኖ አይታየን፤ ሕይወት የተከፈለበት ቅርስ መሆኑንም እናስብ።